ለጅማ ማሳና ግቢ የሚሆን ትንሽ ካሜራ፦ ለአንድ የግዢ ምክር የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ የግዢ ምክር አነበብኩ። ለአደንና ለቤት ጥበቃ የሚሆን ትንሽ ትሬይል ካሜራ እንዴት እንደሚመረጥ የሚያስረዳ ጽሑፍ ነው። ትሬይል ካሜራ ዛፍ ወይም ምሰሶ ላይ ይታሰራል። በባትሪ ይሠራል። የሞቀ አካል ከፊቱ ሲያልፍ ብቻ ነቅቶ ያነሳል። ጅማ ላይ ቡና የሚያደርቁ፣ በቆሎ የሚዘሩ፣ መጋዘን ያላቸው ሰዎች ይህን ምክር ይዘው ገንዘብ ሊያወጡ ነው። አንዳንዶቹ እኔንም ጠይቀውኛል። ምክሩ ብዙ ቦታ ላይ ስለሚያሳስት መልስ መስጠት ግድ ሆነብኝ።

ጽሑፉ ባጭሩ እንዲህ ይላል። ከ30 ሜጋፒክስል በታች አትግዙ። ትንሽ የሆነውን ምረጡ። የሌሊት መብራቱ ጨርሶ የማይታይ ካልሆነ እንስሳው ይሸሻል። ዋይፋይ ያለው ከሆነ ከተማ ቁጭ ብላችሁ ማሳችሁን ታያላችሁ። አራት ባትሪ ስምንት ወር ይቆያል። በደረት ቁመት፣ ሁልጊዜ ወደ ሰሜን አዙራችሁ እሰሩት። ለቤት ሲሆን መስኮት ላይ ከውስጥ አስቀምጡት፤ ዘበኛ አያስፈልጋችሁም። የድኩላ መተላለፊያውን ካወቃችሁ በኋላ ደግሞ ቅዳሜና እሁድ አደን ነው።

አንድ በአንድ ልሂድበት።

ሜጋፒክስል

ጸሐፊው የመጀመሪያውን ቦታ የሰጡት ለሜጋፒክስል ነው። እኔ የማስቀምጠው መጨረሻ ላይ ነው። ካርቶኑ ላይ 30 ወይም 48 ተብሎ የሚጻፈው ቁጥር ብዙ ጊዜ ካሜራው በትክክል የሚያየውን አይነግረንም። ውስጡ ያለው የምስል ሴንሰር ከዚያ በብዙ ያነሰ ነው። ቀሪውን ሶፍትዌሩ በነጥብና በነጥብ መካከል ሌላ ነጥብ እየሞላ ያሳድገዋል። ፎቶው ይገዝፋል እንጂ አዲስ ዝርዝር አይጨምርም። የሌባው ፊት ደብዝዞ ከተነሳ፣ ፎቶው ቢያድግም ፊቱ እንደደበዘዘ ነው።

የዱር እንስሳት ተመራማሪዎች ከሚተማመኑባቸው ካሜራዎች አንዱ ሪኮኒክስ ነው። ሃይፐርፋየር 2 የሚባለው ሞዴል የሚያነሳው በ3 ሜጋፒክስል ነው። ዋጋው ግን ካርቶናቸው ላይ 30 ከሚጽፉት ርካሽ ካሜራዎች በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ተመራማሪዎቹ የሚከፍሉት ለፍጥነቱና ለጥንካሬው ነው። እንስሳው በገባ በ0.2 ሰከንድ ያነሳል።

የገዘፈ ፎቶ ደግሞ ጣጣ አለው። 1 ሜጋባይት ገደማ ይሆን የነበረው ፎቶ 8 ወይም 10 ሜጋባይት ይሆናል። 30,000 ያህል ፎቶ ሊይዝ የሚችል 32 ጊጋባይት ካርድ በ3,000 ወይም በ4,000 ይሞላል። ካሜራው እያንዳንዱን ትልቅ ፎቶ ካርዱ ላይ እስኪጽፍ ሁለተኛው ሰው ያልፋል። ባትሪም ይበላል። 30 ሜጋፒክስል የሚል ካሜራ ቀድማችሁ ከገዛችሁ አትጣሉት። ሴቲንግ ውስጥ ግቡና መጠኑን ዝቅ አድርጉት። ምንም አይቀርባችሁም።

ከሜጋፒክስል በፊት መታየት ያለበት ካሜራው ነቅቶ ለማንሳት የሚፈጅበት ጊዜ ነው። ሰው በተለመደ እርምጃ በሰከንድ 1.4 ሜትር ያህል ይሄዳል። ሌንሱ 50 ዲግሪ የሚያይ ከሆነ፣ በ3 ሜትር ርቀት ላይ የሚታየው ስፋት 2.8 ሜትር ገደማ ነው። ካሜራው ለመንቃት 1 ሰከንድ ከፈጀበት ሰውየው የምስሉን ግማሽ አልፎታል፤ የሚቀርላችሁ ጀርባው ነው። ከሮጠ ደግሞ ፎቶው ላይ አጥሩ ብቻ ይቀራል። ስለዚህ ከ0.5 ሰከንድ በታች የሆነውን ፈልጉ። ከመጀመሪያው ፎቶ በኋላ ለሚቀጥለው ለመዘጋጀት ስንት ሰከንድ እንደሚፈጅበትም ጠይቁ። ዝንጀሮ በመንጋ ነው የሚመጣው፤ ሌባም ብዙ ጊዜ ብቻውን አይመጣም።

ጽሑፉ የዘለለው ነገር

የሚገርመኝ፣ ጽሑፉ ስለ ሙቀት ሴንሰሩ አንድም ቃል አላለም። የዚህ ካሜራ ልብ እሱ ነው። ፒአይአር ይባላል። ከፊቱ ያለው የሙቀት መጠን ሲለዋወጥ ነው የሚነቃው። ከጎን ወደ ጎን የሚያቋርጥን አካል ቶሎ ይይዛል። ቀጥ ብሎ ወደ ካሜራው የሚመጣውን ግን ዘግይቶ ነው የሚያውቀው። መንገዱን ፊት ለፊት እንዲያይ ካሰራችሁት ግማሹን ታጣላችሁ። ትንሽ ሰያፍ አድርጋችሁ መንገዱን እንዲያቋርጥ እሰሩት።

የጅማ ቡና አብዛኛው በትልልቅ ዛፍ ጥላ ሥር ነው። አየሩ ቀዝቀዝ ይላል። የእንስሳውና የአካባቢው ሙቀት በግልጽ ይለያያል። ለሴንሰሩ ከዚህ የተሻለ ቦታ የለም። የቡና ማድረቂያ አልጋው ግን ሌላ ጉዳይ ነው። በኅዳር ቀትር ፀሐይ አልጋው ላይ ያለው ላስቲክና ሸራ ይግላል። ነፋስ ያርገበግበዋል። ካሜራው እንስሳ የመጣ መስሎት በየደቂቃው ይነቃል። ማታ ላይ ካርዱም ባትሪውም አልቆ ይጠብቃችኋል። እውነተኛው ሌባ የሚመጣው ደግሞ ያኔ ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው። ብዙዎቹ ካሜራዎች የሥራ ሰዓት መወሰኛ አላቸው። ቀን ሰው አልጋው አጠገብ ስላለ ካሜራው ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ብቻ እንዲሠራ አድርጉት። ካሜራው የሚያውቀው የፈረንጆቹን ሰዓት ስለሆነ ከ18፡00 እስከ 6፡00 ብላችሁ ነው የምትሞሉት። ፎቶው ላይ 2፡00 የሚል ካያችሁ የእኛው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው። ይህን ያነሳሁት ነገሩ ፖሊስ ጋ ሲደርስ ቀኑና ሰዓቱ ትልቅ ቦታ ስላላቸው ነው። አንዳንድ ካሜራዎች ባትሪ ሲወጣላቸው ቀናቸው ወደ ፋብሪካው ቀን ይመለሳል። ባትሪ በለወጣችሁ ቁጥር ቀኑን እዩ።

የሌሊቱ መብራት

እዚህ ላይ ጸሐፊው ግማሽ እውነት ይዘዋል። እነዚህ ካሜራዎች ሌሊት የሚያበሩት በኢንፍራሬድ፣ ዓይናችን በማያየው ብርሃን ነው። ሁለት ዓይነት አለ። አንዱ የብርሃን ሞገዱ 850 ናኖሜትር ነው። ሲበራ ካሜራው ላይ ደብዘዝ ያለ ቀይ ነጥብ ይታያል። ሌላው 940 ናኖሜትር ነው። ይሄኛው ለዓይናችን አይታይም። ግን የካሜራው ሴንሰር ለ940 ያን ያህል ስለማይነቃ ፎቶው ይጨልማል፣ ርቀቱም ያጥራል።

ጸሐፊው "እንስሳው ይሸሻል" ብለው ሁሉም ሰው 940 እንዲገዛ መከሩ። የጅማን ማሳ የሚያጠቃው ማን እንደሆነ እንይ። ዝንጀሮና ጦጣ በቀን ነው የሚመጡት። ለእነሱ የሌሊት መብራት ዓይነት ምንም ለውጥ አያመጣም። በቆሎውን ሌሊት የሚገለብጠው የዱር አሳማና ጃርት ነው። የበቆሎ ማሳ ሰፊ ስለሆነ ራቅ ብሎ የሚያበራ 850 ይሻላችኋል። ደብዛዛዋን ቀይ ነጥብ አይቶ አሳማው ቢደነግጥ እንኳ ማሳ የሚጠብቅ ገበሬ አይከፋውም።

940 የሚያስፈልገው ለሰው ነው። የመጋዘን በር ላይ፣ ግቢ ውስጥ፣ የቡና አልጋ አጠገብ። ሌባ ቀይዋን ነጥብ ካየ ካሜራውንም ይዞት ይሄዳል። ርቀቱ ማጠሩ ደግሞ ግቢ ውስጥ አይጎዳም፤ በሩ ከካሜራው አምስት ስድስት ሜትር ቢርቅ ነው። እንግዲህ ለማሳ 850፣ ለግቢ 940 ማለት ነው። አንድ ካሜራ ብቻ ገዝታችሁ ሁለቱም ቦታ ማሠራት ከፈለጋችሁ 940ውን ውሰዱና ማሳው ላይ ጠጋ አድርጋችሁ እሰሩት።

የሌሊት ፎቶ ላይ ብዙ አትጠብቁ። የሚሮጥ ሰው ይደበዝዛል። የመኪናና የባጃጅ ሰሌዳ መብራቱን መልሶ ስለሚያንጸባርቅ ቁጥሩ ነጭ ሆኖ ይጠፋል። ልብስ፣ ቁመት፣ አረማመድ፣ ስንት ሰዎች እንደሆኑ፣ በየት እንደገቡ ግን በደንብ ይታያል። ለጎረቤትም ለፖሊስም ብዙ ጊዜ ይሄ ይበቃል።

ዋይፋይ ከተማ ድረስ አይመጣም

ከሁሉም በላይ ሰው ገንዘቡን የሚያጣው በዚህኛው ነጥብ ነው። ጸሐፊው ዋይፋይ ያለው ካሜራ ከገዛችሁ ማና ወይም ሰቃ ጨቆርሳ ወረዳ ያለውን ማሳችሁን ጅማ ከተማ ሂርማታ ቁጭ ብላችሁ ታያላችሁ ይላሉ። ይሄ ስህተት ነው። በትሬይል ካሜራ ላይ ያለው ዋይፋይ ካሜራው ራሱ የሚለቀው ነው። ከኢንተርኔት ጋር አይገናኝም። ስልካችሁን ይዛችሁ አስር፣ አሥራ አምስት ሜትር ያህል ስትቀርቡ ብቻ ፎቶዎቹን ወደ ስልክ ያወርዳል። ጥቅም የለውም አልልም። ካሜራው ከፍ ብሎ ከታሰረ መሰላል ሳታመጡ ታያላችሁ። ካርዱን ማውጣት ሳያስፈልግ ከሥር ቆማችሁ ትፈትሻላችሁ። ከከተማ ማየት ግን አይታሰብም።

ከሩቅ ፎቶ የሚልክ ሌላ ዓይነት አለ። ሲም ካርድ የሚገባበት ነው። እሱንም ስትገዙ ሦስት ነገር ጠይቁ። አንደኛ፣ የትኛውን ኔትወርክ ይይዛል? አሜሪካ ያሉ ዘመዶቻችን የሚልኩልን ካሜራ ብዙ ጊዜ ለአሜሪካ ቴሌኮሞች የተሠራ ነው። እዚያ 4ጂ በብዛት የሚሠራባቸው እንደ ባንድ 12 እና 13 ያሉ የሬዲዮ ሞገዶች እዚህ ካለው ጋር ላይገጥሙ ይችላሉ። አንዳንዱማ ከአንድ ኩባንያ ሲም ውጭ አይቀበልም። ሁለተኛ፣ ፎቶው የሚመጣው በምን በኩል ነው? በአምራቹ መተግበሪያ ብቻ ከሆነ፣ ብዙዎቹ ወርሃዊ ክፍያ አላቸው። ክፍያው በዶላር፣ በዓለም አቀፍ ካርድ ነው። ብር ብቻ ላለው ሰው ካሜራው በወሩ ዝም ይላል። በኢሜይል የሚልኩም አሉ። እነሱ የሚፈልጉት ዳታ ያለው ሲም ብቻ ስለሆነ ለእኛ ይቀላሉ።

ሦስተኛው ጥያቄ ለሻጩ ሳይሆን ለማሳው ነው። ካሜራው የሚታሰርበት ቦታ ላይ ስልካችሁን አውጡና ኔትወርኩን እዩ። መንገዱ ላይ ሙሉ የነበረው ኔትወርክ ሸለቆው ውስጥ፣ ዛፉ ሥር ሊጠፋ ይችላል። ካሜራው ኔትወርክ ፍለጋ ሲደክም ደግሞ ባትሪውን ይጨርሳል። በጎማ በኩልም ሆነ በበለጠ ገራ ደን አካባቢ ያላችሁ ይህን ሳትሞክሩ አትግዙ።

አራት ባትሪ፣ ስምንት ወር

ስምንት ወር የሚለው ቁጥር ውሸት ነው አልልም። ካሜራው በቀን ጥቂት ፎቶ ብቻ፣ ያውም በብርሃን ካነሳ ሊደርስ ይችላል። በእኛ አጠቃቀም ግን አይደርስም። ሒሳቡን አብረን እንሥራው።

አንድ ጥሩ የAA መጠን አልካላይን ባትሪ 2,500 ሚሊአምፔር ሰዓት ያህል ይይዛል። አራቱ በተከታታይ ሲገጠሙ ቮልቱ ወደ 6 ይወጣል፤ የሚይዙት መጠን ግን ያው 2,500 ነው። ሌሊት ቪዲዮ ሲነሳ የኢንፍራሬድ መብራቶቹ በሙሉ ይበራሉ። 700 ሚሊአምፔር ይስባሉ ብለን እናስብ። የ30 ሰከንድ ቪዲዮ 6 ሚሊአምፔር ሰዓት ገደማ ይበላል። 2,500 ለ6 ሲካፈል 400 ያህል ቪዲዮ ነው። በአንድ ሌሊት 20 ጊዜ ቢነቃ ሃያ ሌሊት ነው የሚቆየው። አልካላይን ብዙ ሲሳብበት አቅሙ ስለሚወርድ ከዚያም ሊያንስ ይችላል።

ስለዚህ ሌሊት ቪዲዮ ሳይሆን ፎቶ አስነሱ። ሦስት ተከታታይ ፎቶ ከ30 ሰከንድ ቪዲዮ በጣም ያነሰ ጉልበት ይወስዳል። ቪዲዮ የግድ ካስፈለገ 10 ሰከንድ ይበቃል።

የባትሪው ዓይነትም ወሳኝ ነው። በየሱቁ ለሬዲዮና ለእጅ ባትሪ የሚሸጠው ርካሹ ድንጋይ ለዚህ ካሜራ አይሆንም። አቅሙ ትንሽ ነው፤ መብራቱ ሲበራ ቮልቱ ይወድቃል፤ ካሜራውም ይጠፋል። ቆይቶ ከፈሰሰ ደግሞ መግጠሚያውን ይበላዋል። ቻርጅ የሚደረገው ባትሪ በገንዘብ ያዋጣል፤ ግን አንዱ 1.2 ቮልት ነው። አራቱ 4.8 ይሆናሉ። 6 ቮልት የሚጠብቅ ካሜራ "ባትሪ አልቋል" ሊል ይችላል። መመሪያው ላይ ቻርጅ የሚደረግ ባትሪ ይቀበል እንደሆነ አረጋግጡ። አንድ ጊዜ የሚያገለግለው ሊትየም ባትሪ ከሁሉም ይሻላል። ቮልቱ ሊያልቅ እስኪቃረብ ድረስ ብዙም አይወርድም፣ በቀላሉም አይፈስም። ዋጋው ግን ውድ ነው። ለመጋዘን ከሆነ ከጎኑ የውጭ ኃይል መሰኪያ ያለውን ካሜራ ውሰዱና ከትልቅ ባትሪ ጋር አገናኙት።

ሶላር? ግቢ ውስጥ ቆርቆሮ ላይ ከሆነ ጥሩ ነው። ቡና ጥላ ሥር ግን ገንዘብ ማባከን ነው። በክረምት ደግሞ ጅማ ፀሐይ የምታይበት ሰዓት ትንሽ ነው።

ዝናቡን ካነሳን አይቀር፣ ጅማ በዓመት 1,500 ሚሊሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች። "ውሃ አይገባውም" የሚል ቃል ብቻ አይበቃም። አይፒ66 የሚል ደረጃ ያለውን ፈልጉ። የበሩ ጎማ ላይ አፈር እንዳይቀር ጥረጉ። ከጫማ ካርቶን የምትጥሏትን እርጥበት የምትስብ ትንሽ ከረጢት ውስጡ አድርጉ። ጉንዳንም ይገባበታል። ሸረሪት ሌንሱ ፊት ድር ካደራች ሌሊት ፎቶው በሙሉ ነጭ ይሆናል። ካርድ ልትለውጡ በሄዳችሁ ቁጥር ፊቱን በጨርቅ ጥረጉት።

ወደ ሰሜን፣ በደረት ቁመት

ይሄ ምክር የመጣው ከአሜሪካና ከአውሮፓ ነው። እዚያ ፀሐይ ዓመቱን በሙሉ በደቡብ በኩል ስለምታልፍ ወደ ሰሜን ያዞሩታል። ጅማ ግን ከምድር ወገብ 7.7 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው የምትርቀው። ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ገደማ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ናት። ያም ሆኖ ቀትር ላይ ፀሐይ አናት ላይ ስለሆነች ሰሜንም ደቡብም ብታዞሩት ብዙ አይጎዳም። የሚጎዳው ምሥራቅና ምዕራብ ነው። ጠዋትና ማታ ፀሐይ ቀጥ ብላ ሌንሱ ውስጥ ትገባለች። ቡና በሚለቀምበት ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ፀሐይ በደቡብ ስለምትሆን የጸሐፊው ሰሜን ያን ጊዜ ይሠራል።

የደረት ቁመት ለትልቅ አጋዘን የተባለ ነው። ለዱር አሳማና ለጃርት ጉልበት አካባቢ እሰሩት፤ 50 ወይም 60 ሴንቲሜትር። ከፊቱ ያለውን ሣርና የቡና ቅርንጫፍ ቁረጡ። ቅርብ ያለ ቅጠል ሌሊት መብራቱን ይመልስና የኋላውን ሁሉ ያጨልመዋል። ለሰው ሲሆን ደግሞ እጅ የማይደርስበት ከፍታ ላይ፣ ትንሽ ወደ ታች አዘንብላችሁ።

መስኮቱና ዘበኛው

ካሜራውን መስኮት ላይ ከውስጥ አስቀምጡት የሚለው ጨርሶ አይሠራም። የሰውነት ሙቀት በመስታወት አልፎ ወደ ሴንሰሩ አይደርስም። ሰው መስኮቱ ሥር ቢቆም ካሜራው አይነቃም። ቢነቃ እንኳ መብራቱ መስታወቱ ላይ ነጥሮ ፎቶውን ነጭ ያደርገዋል። ካሜራው ውጭ መሆን አለበት።

ለቤት ጥበቃ ትሬይል ካሜራ ያለው ትልቁ ብልጫ መብራት ሲጠፋ መሥራቱ ነው። በኤሌክትሪክ የሚሠራው የግቢ ካሜራ ተጠባባቂ ኃይል ከሌለው መብራት ሲሄድ አብሮ ይሄዳል። ሌባም የሚያውቀው ይህንኑ ነው። እኔ ለመጋዘንና ለኋላ አጥር ትሬይል ካሜራን የምመክረው በዚህ ምክንያት ነው። ዘበኛ ይተካል ማለት ግን አደገኛ ነው። ካሜራው አይጮህም፤ በር አይዘጋም፤ ሰው አይጠራም። ሲም የሌለው ከሆነ የሆነውን የምታዩት በነጋታው ነው። ዘበኛውን አስናብታችሁ ካሜራ ብትገዙ ንብረቱ ሄዶ ቪዲዮው ይቀራችኋል። ዘበኛው ሊያየው በማይችለው ጥግ ላይ አድርጉት፤ ሁለቱ አብረው ይሠራሉ።

ሌላው ጽሑፉ ያላነሳው ነገር ጎረቤት ነው። ካሜራው የራሳችሁን በርና አጥር ይይ እንጂ የሰው ግቢ አይይ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 እያንዳንዱ ሰው ግላዊ ሕይወቱ የመከበር መብት አለው። በጉርብትና ደግሞ ቀድሞ መንገር ይሻላል። ካሜራ መኖሩን ጎረቤት ሲያውቅ ዓይኑን ይጨምርላችኋል። ከሌላ ሰው ሲሰማ ግን ይቀየማል።

አደኑ

በዚህኛው ከጸሐፊው ጋር ፈጽሞ አንስማማም። በኢትዮጵያ ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ ማደን ወንጀል ነው። የአገሪቱ የዱር እንስሳት ሕግ ይህን በግልጽ ይከለክላል። የስፖርት አደን የሚካሄደው ቁጥጥር በሚደረግባቸው የአደን ስፍራዎች፣ ከኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን በሚገኝ ፈቃድ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ተነስቶ ጫካ መግባት በዚህ ውስጥ የለም።

ካሜራው በተወለደበት አገርም ነገሩ ልቅ አይደለም። የአሜሪካዋ ግዛት አሪዞና ከጥር 2022 ጀምሮ፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ማለት ነው፣ ለአደን ዓላማ ትሬይል ካሜራ መጠቀምን ከልክላለች። ብዙ አዳኝ ባለበት አገር ይህን ያህል ከተባለ፣ ድኩላዋ ውሃ የምትጠጣበትን ቦታ በካሜራ አጥንቶ አድፍጦ መጠበቅን እዚህ ማስተማር ነውር ነው። በጅማ ዙሪያ የቀረው ደን የቡናችንም ጥላ ነው። ድኩላውም ጉሬዛውም ነብሩም ያሉት እዚያው ነው።

የዱር አሳማ በቆሎውን የጨረሰበት ገበሬ ቁጣ ይገባኛል። ለእሱ ካሜራው ብዙ ይጠቅመዋል። አሳማው በየትኛው ጠርዝ፣ በስንት ሰዓት፣ ስንት ሆኖ እንደሚገባ ይነግረዋል። ዙሪያውን በሙሉ ሲጠብቅ ከማደር በዚያ ጠርዝ፣ በዚያ ሰዓት ይጠብቃል። አጥሩንም እዚያ ላይ ያጠናክራል። ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት አቤቱታ ሲያቀርብም ቀንና ሰዓት ያለው ፎቶ ይይዛል።

ትንሽነቱ

ጸሐፊው ትንሹን ካሜራ ምረጡ ማለታቸው ትክክል ነው። በእኛ አካባቢ የካሜራው የመጀመሪያ ጠላት ሌባ ነው። ዝንጀሮም ካገኘው ያወርደዋል። መዳፍ የምታክል ካሜራ በቡና ቅርንጫፍ መካከል ትደበቃለች። በብረት ሳጥን ውስጥ ገብታ ትቆለፋለች። ግን ትንሽነት በነጻ አይመጣም። ሁለት ባትሪ ብቻ የምትይዘዋ በጣም ትንሿ ካሜራ ለሌሊት አትሆንም፤ መብራቶቿም ጥቂት ናቸው። አራት ባትሪ የምትይዘውን ዝቅተኛው ወሰን አድርጉ። ስምንት ባትሪ ይዛ ትንሽ የገዘፈችውን ደግሞ በየሳምንቱ መሄድ ለማትችሉበት ማሳ ውሰዱ።

ለግዢ ስትወጡ አራት ጥሩ አልካላይን ባትሪና የራሳችሁን ሚሞሪ ካርድ ይዛችሁ ሂዱ። ካርዱን ካሜራው ውስጥ ፎርማት አድርጉ። ሻጩ ካሜራውን ጠረጴዛ ላይ ያቁምላችሁ። ሦስት ሜትር ራቁና ከጎን ወደ ጎን በተለመደ እርምጃ እለፉ። ከዚያ ሮጥ ብላችሁ እለፉ። ፎቶዎቹን በስልክ ወይም በኮምፒውተር ክፈቱና ፊታችሁ የት እንደተያዘ እዩ። ቀጥሎ መጋዘኑን ወይም የጓዳውን በር አስዘግታችሁ ጨለማ ውስጥ ያንኑ ድገሙ። 940 ነው የተባለው ካሜራ ጨለማ ውስጥ ቀይ ነጥብ ካሳየ 940 አይደለም፤ መልሱለት።